ሦስት ወይስ አራት?

ሁለት ሳንቲም አንድ ላይ ቢወረወር ስንት ዓይነት ውጤት ሊወጣ ይችላል? ጉራጌ ውስጥ፣ አረቅጥ ከተማ ያሉት ተማሪዎቼ አብዛኞቹ «ሦስት» ይላሉ፦ ሁለቱም አንበሳ፣ ሁለቱም ጀርባ፣ አንድ አንድ። አልፈርድባቸውም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር በ1754 እ.ኤ.አ. ለታላቁ «ኢንሳይክሎፔዲ» ሲጽፍ እዚሁ አካባቢ ተሰናክሏል። ሳንቲም ሁለቴ ተወርውሮ ቢያንስ አንዴ የተፈለገው ገጽ የመውጣቱ ዕድል ከሦስት ሁለት ነው አለ፤ መጀመሪያ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፣ ካልወጣ ሁለተኛው ይወጣል ወይም አይወጣም። ሦስት መንገድ። ግን የመጀመሪያው መንገድ ብቻውን ግማሹን ዕድል ስለሚይዝ፣ ትክክለኛው መልስ ከአራት ሦስት ነው።

እኔ ባለሁለት ቀለሙን አንድ ብርና ሃምሳ ሳንቲም ይዤ እገባለሁ። አንበሳ ሁለቱም ላይ አለ። «ብሩ አንበሳ፣ ሃምሳው ጀርባ» እና ግልባጩ የተለያዩ መሆናቸውን ያኔ ማንም አይክድም። ቀጥሎ ሁለት አንድ ብሮች ሳወጣ ክርክሩ እንደገና ይነሳል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ ግን የሚጦፈው በጉራጊኛና በአማርኛ ነው። «መምህር፣ አሁን እኮ አይለዩም!» እኛ ለየናቸው አልለየናቸው ሳንቲሞቹን ምን ገዷቸው? ደጋግመን ወርውረን ሰሌዳ ላይ ስንመዘግብ «አንድ አንድ» የሚለው ረድፍ የሌሎቹን እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል።

ማባዛትን የማስተምረው ከዚህ በኋላ ነው። ክትፎ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ፤ በቆጮ ወይም በእንጀራ፤ ከጎመን ጋር ወይም ያለ ጎመን፦ 3×2×2፣ 12 ዓይነት ትዕዛዝ። «ክትፎ በእንጀራ?» ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። እዚህ አገር 12ቱ እኩል እንደማይታዘዙ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም።

ዝናቡ ይብሳል። አረቅጥ ይዘንባል ወይም አይዘንብም፣ ቡታጅራም እንዲሁ፤ አራት ውጤት፣ ቆጠራው ልክ ነው። በሁለቱም ቦታ የዓመቱን ግማሽ ቀናት ይዘንባል እንበል። ብዜቱ ሁለቱም ጋ የሚዘንበው ከአራት ቀን በአንዱ ነው ይለናል። ነሐሴ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ያርሳል፣ ጥር ሁለቱንም ያደርቃል፤ እውነቱ ከሩብ በብዙ ይበልጣል። አንዱ ስለ ሌላው ወሬ የሚያቀብል ከሆነ ዕድላቸው እንዲሁ አይባዛም።

ለቤት ሥራ አንዱ በሌላው የማይመራ ሁለት ነገር ፈልጉ አልኳቸው። አንዱ «የወልቂጤ መኪና መዘግየትና የመምህር ማርፈድ» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግሁበት፤ ሰኞ ሰኞ የምመጣው በዚያው መኪና ነው።