የእንደራሴ ንግግር መለኪያው ምንድን ነው?

የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ጤናና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ በተናገረ ጊዜ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግነው የንግግሩን ማማር ነው። ጋዜጣውም «እገሌ ይህን ጉዳይ አነሡ» ብሎ ይጽፋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እኛ በዚህ አጭር ሐተታ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። የተነሣው ጉዳይ የት ደረሰ? ከአዳራሹስ ወጥቶ ማንን ጠቀመ?

ለምሳሌ የምንወስዳቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው፤ ለሚዛን የምንወስደው ደግሞ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አገር ነው። ወይዘሮ ስንዱ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንደራሴ ነበሩና ስለ ምን በጋይንት ይመዘናሉ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሕግ የሚወጣው ለመላው አገር ስለ ሆነ፣ የሕግ አውጪ ሥራ የሚታወቀው ለቤተ መንግሥት ቅርብ በሆነው ሰፈር ሳይሆን ከዚያ በራቀው ቀበሌ ነው።

ስለ ሴትዮዋ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም የተወለዱ፣ በአውሮፓ የተማሩ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ተሰልፈው በኢጣልያ ደሴት በአዚናራ የታሰሩ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ የሆኑ፣ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውንም የግጥምና የቴአትር ድርሰት በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ በፈቀደ ጊዜ፣ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። የሴቶች መብትና ትምህርት ጉዳይ በምክር ቤት እንዲሰማ ካደረጉት ሰዎች ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይጠራል። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሰውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን መመርመር ሌላ ነው።

የእኒያን ዘመን ምክር ቤት ለመመርመር ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ ሲታወጅ ወይዘሮ ስንዱ የምክር ቤቱ አባል ነበሩ። ቍጥር 581 ወንድ 18 ዓመት፣ ሴት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ያው ቍጥር ከባድ ምክንያት ሲኖር ዕድሜው እስከ ሁለት ዓመት ሊቀነስ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የ13 ዓመት ልጃገረድ ልትዳር ትችል ነበር ማለት ነው። ቍጥር 635 ደግሞ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ያደርገዋል።

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዘን ወደ ጋይንት እንውጣ። አገሩ ከጉና ተራራ ውርጭ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ አባይ በረሃ የሚወርድ ገደላማ አገር ነው። በዚያ አባት ልጁን በልጅነቷ የሚድረው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ማጫ ተቈርጦ፣ ሰማንያ የሚታሰረው በሬን ከበሬ፣ ርስትን ከርስት፣ ዘመድን ከዘመድ ለማገናኘት ነው። አባት «እኔ በሕይወት ሳለሁ ወግ ማዕረጓን ልይ» ይላል። የልደት ቀን በመዝገብ ባልሰፈረበት አገር ልጅቱ 15 ዓመት ሞልቷታል ወይስ አልሞላትም የሚለውን የሚመሰክረው ያው አባት ነው። የልደት ምዝገባ በመላው አገር በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ይህም ማለት ሕጉ ከታወጀ ከ56 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዕድሜ የሚቈጠርበት መዝገብ ሳይኖር ዕድሜ የሚወስን ሕግ ማውጣት ቍና ሳይዙ እህል እንደ መስፈር ነው።

ይህ ነገር የጋብቻ ሕግ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ልጅቱ አካሏ ሳይጠና ባረገዘች ጊዜ የዳሌዋ አጥንት ገና ስላልሰፋ ምጡ ይጠናባታል። ሐኪም ካልደረሰላት የሕፃኑ ራስ ለቀናት የሽንት ፊኛዋን ተጭኖ ሥጋውን ያሞተዋል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቈጣጠር ተስኗት ትቀራለች። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ባል ይፈታታል፤ ጎረቤት ይርቃታል፤ እርሷም ከሰው ተለይታ በጓዳ ትደበቃለች። ለዚህ ሕመም የተለየ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1960ዎቹ መጨረሻ በዶክተር ሬጅናልድና በዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነው፤ ለእኛው አገር ቀረብ ያለው የባሕር ዳር ማእከል የተከፈተው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የስማዳ ሴት ለመዳን አዲስ አበባ መድረስ ነበረባት፤ በቃሬዛ ከገደል ወጥታ፣ በሽታዋን ደብቃ፣ የመኪና ሰው እየተጸየፋት።

ልብ እንበል። በዚህ በአንድ ሕመም ውስጥ አራት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ጋብቻው የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ምጡ የጤና ጉዳይ ነው፤ ቃሬዛው የመንገድ ጉዳይ ነው፤ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መቅረቷ የትምህርት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሚኒስቴር የየራሱን ፋይል ይይዛል፤ ልጅቱን ግን ማንም አይዛትም። አራቱን ፋይሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይህች አንዲት ሴት ናት» ሊል የሚችለው እንደራሴው ነው። የእንደራሴነትም ዋና ትርጕሙ ይኸው ይመስለናል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የፊተኛው ምክር ቤት ጐደሎ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ግን «ያ ምክር ቤት ለይስሙላ የቆመ ነበርና አይወቀስም» ይላሉ። ይህ አሳብ ልክ አይመስለንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ በቀረበ ጊዜ ያው ምክር ቤት ብዙ ተከራክሮ ረቂቁን አሻሽሎታል፤ የጭሰኞችንም ጉዳይ የሚመለከተው ረቂቅ ሳይጸድቅ መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ ቆይቷል። ለእንደራሴነት ለመወዳደር ሀብት ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ የመሬት ነገር ሲነሣ አፍ ነበረው፤ ኀይልም ነበረው። የባለመሬቱ ግብር ሲነካ የተገኘው ያ ጉልበት ለምጥ ጊዜ ለምን አልተገኘም? ከ1951 እና ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ባላገሩ በመሬቱ ላይ የጤና ግብር ይከፍል ነበር። የጋይንት ገበሬ የከፈለው ብር ስንቱ በጋይንት ጤና ጣቢያ ሆኖ ተመለሰ ብሎ መጠየቅ የማንኛውም እንደራሴ መብት ነበር።

በእርግጥ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ምንም አላደረገም አንልም። በደንቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀምሯል። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ ወዲያው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ወረርሽኝ ይጮኻል፤ መንግሥትም ይሰማዋል። የልጅ እናት ምጥ ግን በጓዳ ስለ ሆነ ድምፅ የለውም። ድምፅ ለሌለው ድምፅ መሆን የእንደራሴ ፈንታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተሻሽሏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ለሴቱም ለወንዱም 18 ዓመትን ወሰነ፤ የባልን አለቅነትም ሻረ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 648 ልጅን ያገባ ሰው ተበዳይዋ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። ይሁን እንጂ በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ መሆናቸው ታይቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተዳሩት አዲሶቹ ሕጎች ሳይወጡ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱ የአዲሶቹ ሕጎች ነው አንልም። ለ1952ቱ ሕግ ግን ቍጥሩ ከባድ ምስክር ነው። አባቶች «አገባሽ ያለ ላያገባሽ ከባልሽ ሆድ አትባባሽ» እንደሚሉት፣ አስፈጻሚ የሌለው ሕግ የሚሰጠው ተስፋ ሰውን ከቀድሞው ይልቅ ብቸኛ ያደርገዋል።

ስለ ዛሬው ምክር ቤትም አንድ ነገር እንበል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለ ሥልጣኖችን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሴት የጤና ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አውርዷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የጤና ኬላ ምጥ ለጠናባት ሴት ቀዶ ሕክምና አይሰጥም። ጥያቄ ሲነሣም «ይህ የክልሉ ነው»፣ «ይህ የወረዳው ነው» የሚል መልስ የተለመደ ሆኗል። የሥልጣን መከፋፈል ለአስተዳደር ይበጅ ይሆናል፤ ለእንደራሴ ግን መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም።

ስለዚህ የእንደራሴን ንግግር በሦስት ነገር እንድንመዝን አሳብ እናቀርባለን። 1ኛ፤ ቦታውን በስም ጠርቷልን? «ገጠሩ» ማለት አይበቃም፤ ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ መካነ ኢየሱስ ማለት አለበት። 2ኛ፤ የተከፋፈለውን ጉዳይ አንድ አድርጎ አቅርቧልን? 3ኛ፤ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠይቋልን? ከሦስቱ የመጨረሻው ይከብዳል፤ ጭብጨባ የለበትምና።

ወይዘሮ ስንዱ ሴት ከማይቀመጥበት ወንበር ተቀምጠው ለሌሎች በሩን ከፍተዋል። ያን በር ማወደስ ቀላል ነው። በበሩ ገብቶ የስማዳን ሴት ጉዳይ እስከ መጨረሻው መከተል ግን ከእርሳቸው በኋላ ለመጣ ሁሉ የቀረ ዕዳ ነው። ነገ ከመካከላችን ለእንደራሴነት የሚወዳደር ባልንጀራ አይጠፋምና ዕዳው የእኛም ነው።