ሊብሬና ታሪክ

አሮጌ ቮልስ ልትገዙ ብትጠይቁ፣ ከሞተሩ በፊት የሚነገራችሁ የባለቤቷ ዝና ነው። “የጄኔራሉ ነበረች” ይሏችኋል፤ “አምባሳደር ነው ያመጣት” ይሏችኋል። ይህ ወሬ ዋጋ እስከጨመረ ድረስ እንደማንኛውም ድርሰት ሂስ ይገባዋል።

እስቲ እንግሊዝ አገር የታየውን የአንዲት ቤንትሌይ ክርክር እንመልከት። ‹ኦልድ ነምበር ዋን› የምትባለው እሽቅድምድም መኪና በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የ‹ለ ማንስ› የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፋለች። በሁለቱም ጊዜ ከነጂዎቿ አንዱ ዉልፍ ባርናቶ ነበር። በ1932 ክላይቭ ደንፊ ብሩክላንድስ ላይ ሲነዳት ሞተ። ከዚያ አካሏ ተለውጦ የመንገድ መኪና ሆነች። ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቷ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ተዋዋለ፤ ገዢው ግን “ይህች ያቺ አይደለችም” ብሎ አሻፈረኝ አለ። ዳኛው በ1990 ሲፈርዱ፣ ከድሉ ዘመን የቀራት ዕቃ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አልካዱም። ታሪኳ ግን ሳይበጠስ ስለቀጠለ ስሙ የራሷ ነው አሉ። ገዢው ተረታ።

ልብ በሉ! የባርናቶ ዝና ብቻውን አያድናትም ነበር። ያዳናት እያንዳንዱ ለውጥ፣ ሞት ያስከተለው አደጋ ሳይቀር፣ ተከታትሎ መታወቁ ነው።

ነገርየው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብራና መጻሕፍታችን ላይ ያስጻፈው፣ የገዛው፣ ለደብር የሰጠው ሰው ስም ይሰፍራል፤ የሚሰርቀውና የሚፍቀውም ይወገዛል። ታዲያ ውግዘቱ እያለ ስንቱ ስም ተፍቆ በሌላ ተተክቷል! ደግነቱ፣ የተፋቀ ቆዳ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ለሚመረምር ሰው እሱም ምስክር ነው።

የእኛ ዘመን ፍቀት ግን ምልክትም የለው። መኪና በውክልና ሲሸጥ፣ በውክልና ሲተላለፍ ኖሯል። ሦስት ሰው ነድቷት፣ ሁለቴ ተጋጭታ፣ ሊብሬው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሰው ብቻ ነው። አደጋ የደረሰ ቀን ታዲያ የሚንኳኳው መልኳን እንኳ የረሳው ሰውዬ በር ነው። ለገዢውም ቢሆን እፎይታ የለም፤ ወካዩ ከሞተ ጣጣው ከወራሾች ጋር ነው።

እናም “የጄኔራሉ ነበረች” ሲሏችሁ ጄኔራሉን ተዉና ሞተሩን ማን፣ መቼ ለወጠው በሉ። የት ተገለበጠች፣ ማን አቃናት በሉ። ሻጩ እነዚህ ላይ ዝም ካለ፣ የጨመረባችሁ ብር የጄኔራሉ ስም ዋጋ ነው።