የብሩስ መጽሐፍ በፎገራ ሰው ዓይን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ይገባል፤ ከወረታም ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ የርብን ወንዝ ያገኛል። በነዚህ ወንዞች አጠገብ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ በከብቱ የታወቀ፥ ዛሬም በሩዝ እርሻው የተመሰገነ አገር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም.፥ ሩዙ ገና ሳይታሰብ፥ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ጢስ ዓባይን ለማየት ከጎንደር በእንፍራዝ በኩል ሲወርድ እነዚህኑ ወንዞች ተሻግሯል። ከጉዞው የተገኘው መጽሐፍ ስለ አገራችን ከተጻፉት የጉዞ ታሪኮች መካከል እጅግ ስመ ጥር ስለ ሆነ፥ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባው ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ዘመኑንም ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በማግሥቱም ዓመት ጎንደር ገባ። ያዕቆብ እየተባለ በቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ በቍስቋምም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በፈንጣጣ የታመሙትን አስታመመ፤ የራስ ሚካኤል ስሑልንም ኃይልና የጎንደርን ብጥብጥ በዓይኑ አየ። በ1774 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ያደረገውን ጉዞ የሚተርከውን መጽሐፍ ግን በአምስት ታላላቅ ክፍሎች በኤዲንበርግ ያሳተመው በ1790 ነው።

በዚህ መካከል የለንደን ሰዎች ተሳለቁበት። በአገራችን ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ቢነግራቸው ተረት ነው አሉት። ስለ ኢትዮጵያ ልዑል በ1759 ልብ ወለድ የደረሰው ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ፥ ይህ ሰው ያንን አገር ረግጦታልን? ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። ከወረታ ገበያ አንድ ገበሬ ተጠርቶ ቢጠየቅ ኖሮ ግን ክርክሩ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር።

እኛ የምንፈርደው እንዲህ ነው፦ ብሩስ እውነት በተናገረበት ሳቁበት፤ ሊጠየቅ በሚገባው ነገር ግን ብዙዎች ዝም ብለው አመኑት።

እውነቱን በመጀመሪያ እንመልከት። አምስተኛው ክፍል ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚናገር ሲሆን፥ ኮሶንና እንሰትን፥ ጤፍንና ዋጊኖስን በሥዕል አስደግፎ ያስረዳል። ዋጊኖስ ለተቅማጥ መድኃኒት መሆኑን ከአገሩ ሰው ተምሮ ስለ ጻፈ፥ የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን በብሩስ ስም ጠርተውታል። በእኛ ዘንድ ሳይቋረጥ ሲነበብ የኖረውን፥ አውሮፓ ግን ሙሉውን ያጣችውን መጽሐፈ ሔኖክን በግዕዝ ይዞ የሄደውም እርሱ ነው፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

ስለ ራሱ ሲናገር ግን ብሩስ ሌላ ሰው ይሆናል። በኅዳር 1770 ግሽ ደርሶ ምንጩን ከአውሮፓ ሰው መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ አለ፤ ጴድሮ ጳኤዝ ግን በ1618 አይቶት ነበር። ከዚህም የሚብስ አለ። ሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው ሲሆን እስከ ግሽ አብሮት ሄዶ በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ ከጉዞው በፊት ሞተ ብሎ ጻፈ። ባሉጋኒ በገዛ እጁ የጻፈው የመንገድ ማስታወሻ ግን ይህን ቃል ያፈርሰዋል። የባልንጀራን ድካም ሰውሮ ክብርን ለብቻ መውሰድ ትንሽ ነውር አይደለም። ደግሞም መሳፍንቱ ተናገሩት ብሎ የሚያመጣውን ረጅም ንግግር፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ቃል በቃል ማስታወስ ለማን ይቻላል?

መድኃኒቱ የመጣው ከዚያው ከስኮትላንድ ነው። አሌክሳንደር መሬ የተባለ የእረኛ ልጅ ቋንቋን በራሱ ጥረት ተምሮ ግዕዝንም አማርኛንም አጠና። በ1805 አርኪባልድ ኮንስተብል የተባለው የኤዲንበርግ አሳታሚ መጽሐፉን እንደ ገና ሲያወጣ፥ መሬ የብሩስን ማስታወሻ እየመረመረ ከታተመው ቃል ጋር አስተያየ። አሳታሚ ያገሩን ሰው ዝና ከመጠበቅ አልፎ እውነቱን ለሚመረምር ሊቅ ሥራ ሲሰጥ፥ ለአንባቢ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትም በ1964 በቤኪንግሃም አዘጋጅነት ተመርጦ ያጠረ እትም አውጥቷል፤ አምስቱን ክፍል ለመግፋት ለማይችል ሰው ይህኛው ይበቃዋል።

እንግዲህ መጽሐፉን እንጣለው አንልም፤ ስለ ዘመነ መሳፍንት መባቻ ይህን ያህል የሚያስረዳ የዓይን ምስክር ጥቂት ነውና። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ነገሥታቱና መኳንንቱ ብዙ ሲናገሩ፥ አራሹና እረኛው ጥቂት ይሰማሉ። ሜዳውም ለብሩስ ወደ ምንጩ የሚያደርስ መንገድ ነበረ፤ ለሚኖርበት ሰው ግን ርስት ነው። ርብ በክረምት ሲሞላ ከብት ወዴት እንደሚሸሽ፥ ውሃው ሲጎድል ምን እንደሚዘራ የሚያውቀው ባለ ርስቱ ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። የወረታና የአካባቢው መምህራንና ወጣቶች ይህን መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው፥ የወንዙን ስም ከወንዙ፥ የተክሉን ስም ከተክሉ ጋር እያስተያዩ ቢያነቡትና የጎደለውን ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፥ መሬ በኤዲንበርግ ሆኖ የጀመረው ሥራ በቦታው ላይ ይፈጸማል።