ከጠርሙስ ስባሪ የሚወጣ ጌጥ

ወገኖቼ፣ ኦዱማሴ ክሮቦ የሚባል አገር አለ! ጋና ውስጥ፣ በምሥራቁ ክልል። እዚያ የሚሠራውን ዶቃ ካወቅሁ ወዲህ በየመደብሩ መስኮት የሚያብረቀርቀው ክሪስታል ሁሉ ዓይኔን አልሞላውም። የክሮቦ ዶቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተጣለ ጠርሙስ! ቢራው ተጠጥቶ የተወረወረው፣ ያው አረንጓዴና ቡናማው ጠርሙስ።

አሠራሩን ስሙኝማ። ጠርሙሱ ታጥቦ ይሰበራል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ እስኪልም ድረስ በወንፊት ይነፋል። ዱቄቱ በሸክላ ላይ በተቦረቦሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ይሞላል፤ እንዳይጣበቅም ሸክላው አስቀድሞ ካኦሊን በተባለው ነጭ አፈር ይቀባል። አሁን ነው ጉዱ! በእያንዳንዱ ጉድጓድ መሐል የካሳቫ ቅጠል አገዳ ይተከላል። እሳቱ ሲነድ አገዳው ተቃጥሎ ይጠፋና ለክር የሚሆነው ቀዳዳ ይቀራል። መሰርሰሪያ የለ፣ ማሽን የለ! እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ምድጃው እንኳ የሚሠራው ከኩይሳ አፈር ነው። እሳቱ ዱቄቱን አያፈሰውም፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እስኪጣበቁ ብቻ ያግለዋል። ከዚያ ዶቃው ድንጋይ ላይ በአሸዋና በውሃ ታሽቶ ይወለወላል።

ብርሃን የሚያሳልፈውማ ልብ ይሰርቃል። እሱ አይወቀጥም። ስባሪው እንዳለ ገብቶ ይግላል፤ ሲለሰልስ ባለሙያው በቀጭን ብረት ወግቶ፣ እያሽከረከረ ያድበለብለዋል። ለእኔ ከየትኛውም ውድ ክሪስታል አያንስም።

ክሪስታሉም ቢሆን እኮ በመሠረቱ መስታወት ነው። ድምቀቱን ለረጅም ዘመን ሲሰጠው የኖረው እርሳስ ነበር፤ ስመ ጥሩው የኦስትሪያ ስዋሮቭስኪ እንኳ ከእርሳስ ነጻ የሆነውን ክሪስታሉን ያወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላም ጣጣ አለ። አዲስ መስታወት ከአሸዋ፣ ከሶዳ አሽና ከኖራ ድንጋይ ሲቀልጥ፣ የነዳጁ ጭስ ሳያንስ ሶዳውና ኖራ ድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የጠርሙስ ስባሪ ግን ይህን ጋዝ ፊት፣ መጀመሪያ ሲሠራ ለቆ ጨርሷል። የሚፈልገው ሙቀትም ያነሰ ነው፤ ደጋግሞ ቢቀልጥም ጥራቱ አይጓደልም። የቅንጦት ጌጥ ኩባንያዎች ዛሬ በትልቅ ማስታወቂያ የሚያውጁትን ዳግም አጠቃቀም ክሮቦዎች በሙቀጫ እየወቀጡ ኖረውበታል!

የድህነት መላ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ዲፖ በተባለው ሥርዓት የክሮቦ ልጃገረዶች ለአቅመ ሔዋን መድረሳቸው ሲከበር፣ በአንገታቸውና በወገባቸው ተደርድሮ የሚያስከብራቸው ዶቃ ነው።

ወደ ጋና የምትሄዱ፣ የኮፎሪዱዋ የሐሙስ የዶቃ ገበያ እንዳያመልጣችሁ። እናንተ የአገሬ ሸክላ ሠሪዎችና ጌጥ ሠሪዎች ደግሞ፣ ሙቀጫውም ወንፊቱም በእጃችሁ ነው፤ ጠርሙሱንም ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ይሰበስበዋል። እባካችሁ ሞክሩት!