ከ6100 አልነቃነቅም

በቅርቡ ከሠራዊት የተሰናበተ የጎረቤት ልጅ፣ እዚህ ሐዴራ ጊቫት ኦልጋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የራዲዮ ተቀባዬን ከኮምፒውተሩ ሳውንድ ካርድ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ አይቶ «ጋሼ፣ በጣት የምትያዝ ዩኤስቢ ዶንግል ከሁለት ሜጋ ኸርዝ በላይ በአንዴ ታሳያለች፤ በሳውንድ ካርድ ምን ያለፋዎታል?» አለኝ።

ዶንግሏን አልንቃትም። ግን ርካሿ ዶንግል የምትለካው በ8 ቢት ነው፤ ደህና ሳውንድ ካርድ 24 ቢት አለው። ከብርቱ ጣቢያ ጎን የተደበቀ ደካማ ድምፅ የሚወጣው በዚህ ጥልቀት ነው። ከዚያም በላይ ሳውንድ ካርድ ሚዛን ያስተምራል። ተቀባዩ በ90 ዲግሪ የተለያዩ ሁለት ድምፆች በግራና በቀኝ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ ተቀባዩ ከተቃኘበት ማዕከል በላይ ያለውን ከበታቹ የሚለየው በዚያ ልዩነት ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ ከተሳሳተ የጣቢያው ጥላ በማዶው በኩል ብቅ ይላል፤ ከራሱ የሚያንሰው በ41 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው።

ጀማሪን ሁሉ 6100 ኪሎ ኸርዝ ላይ የማስቀምጠው ለዚህ ነው። የባሕር ዳሩ የአማራ ራዲዮ ለዓመታት በ6090፣ ፋና በ6110 ተሰምተዋል። ከ6100 ሁለቱም እኩል 10 ኪሎ ኸርዝ ስለሚርቁ የአንዱ ጥላ ልክ ሌላው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ፤ ጆሮ ወዲያው ይፈርዳል። አንዳንድ የዩኤስቢ ካርድ አንዱን ጎን በአንድ ናሙና ያዘገያል፤ በሴኮንድ 48 ሺህ ጊዜ ለሚለካ ካርድ ያቺ አንዲት ናሙና 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ 75 ዲግሪ ናት። ያኔ ባሕር ዳርና ፋና እኩል ሊባል በሚችል ድምፅ ያወራሉ።

ልጁ «ታዲያ ማዕከሉን 6080 ላይ ቢያደርጉትስ?» አለ። ጥላው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም፤ ነገ ሌላ ደካማ ጣቢያ ላይ ይተኛል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ጥላውን በራሱ የሚያርምበትንም አጥፋው አልኩት። ዊንዶውስ ድምፅ አሳምራለሁ የሚልበትንም እንደዚሁ። በእጁ ያላስተካከለ ሰው ማሽኑ ሲሳሳት አያውቅም።

ሐዴራና አዲስ አበባ 2600 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በኬንትሮስ ቅርብ ናቸው፤ ጀምበር በተቀራረበ ሰዓት ትጠልቅባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጣቢያዎች ያሉበት የ49 ሜትሩ ባንድ ይከፈታል። አባቴ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነበር። በጎንደር ገጠር፣ በደምቢያ፣ የደከመ የራዲዮ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያዳምጥ የነበረ ሰው ነው። በሰሎሞን ዘመቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ከመጣን ወዲህ ስለዚያ አገር ብዙ አያወራም ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን አደርግለትና የሁለቱን ድምፆች ልዩነት በዲግሪ አንድ አሥረኛ እያንቀሳቀስኩ «አሁንስ?» እለዋለሁ። «ይኼ የባሕር ዳሩ አይደለም፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል» ይለኛል። ምንም መለኪያ እንደ እሱ ጆሮ አላገለገለኝም።

ድምፁ ሲጠራለት ዜናው ስለ ዝናብ ካወራ እሱም ስለ ዝናብ ይጀምራል፤ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ፣ ጤፉ የት እንደሚዘራ፣ ከማን ጋር በሬ ያቀናጅ እንደነበር። ስለ ደምቢያ የማውቀውን አብዛኛውን የሰማሁት በእነዚያ ምሽቶች፣ እጄ ማስተካከያው ላይ እንዳለ ነው።