«ንቅለ ተከላ» ለጉበት ይስማማልን?

«ንቅለ ተከላ» የተሰኘው ስያሜ የተገኘው ከችግኝ መደብ ነው፤ ችግኙ ከነሥሩ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተከላል። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለተጀመረው የኩላሊት ሕክምና ቃሉ ይስማማል፤ የለጋሹ አንድ ኩላሊት እንዳለ ይወጣልና። ዶክተር ስታርዝል በ1963 እ.ኤ.አ. በዴንቨር የጀመሩት፣ የሟችን ሙሉ ጉበት የመትከል ሕክምናም ከዚሁ አይርቅም። በ1989 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በተሳካው ዘዴ ግን ከሕያው ለጋሽ የሚወሰደው የጉበቱ ከፊል ብቻ ነው፤ የቀረውም የተተከለውም መልሶ ያድጋል። ጉበት የሚጎዳው ቢልሃርዝያ በሚታወቅባት በሳንጃ አንድ አባት «ጉበትህ ተነቅሎ ለልጅህ ይተከላል» ቢባልና ቢያፈገፍግ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የተርጓሚው ነው። ቃሉ ለምዷል ይባል ይሆናል፤ እኛም ጨርሶ ይቅር አንልም። ለዚህኛው ሕክምና ግን «ከፊል ጉበት ተከላ» የሚለው ስያሜ ይመረጣል፤ ለጋሹ የሚሰጠውንም የሚቀርለትንም ያስረዳልና።