የዋልታ ጣቢያዎች የአየር ጠባይ መልእክት እንዴት ይቈጠራል? (አንድ ትችት)

በምድር ሰሜናዊና ደቡባዊ ጫፍ የሚገኙት የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያዎች ቍጥራቸው ጥቂት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እጅግ ሰፊ ነው። በተለይ በአንታርክቲካ መካከል አንድ ጣቢያ ለሰፊ አገር ብቸኛ ምስክር ሆኖ ይቆማል። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ጣቢያ ዝም ባለ ጊዜ ጕዳቱ ከባድ ስለሆነ፣ የሚጠበቀው መልእክት መድረሱንና አለመድረሱን መከታተል ተገቢ ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክትትሉ የሚካሄድበትን መንገድ መርምሮ የሚጐድለውን ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብዙ አገሮች ተባብረው በዋልታ ምድር የአየር ጠባይ መመልከት የጀመሩት በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት፣ በ1882 እና በ1883 ነው። በአንታርክቲካ ውስጥ ግን ክረምት ከበጋ የሚሠሩ ብዙ ጣቢያዎች የተቋቋሙት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም በ1957 እና በ1958 ነበር። አሜሪካኖች በደቡብ ዋልታ የሠሩት የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያና ሶቪየቶች በበረዶው አምባ ላይ ያቋቋሙት የቮስቶክ ጣቢያ የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ከ1980 ወዲህ ደግሞ ሰው የማይቀመጥባቸው፣ የለኩትን በሳተላይት የሚያስተላልፉ አውቶማቲክ ጣቢያዎች ተበራክተዋል።

ዛሬ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የሚመራው ክትትል እንደሚከተለው ይከናወናል። እያንዳንዱ አገር ጣቢያዎቹንና መልእክት የሚልኩበትን ጊዜ በአንድ ዓለም አቀፍ መዝገብ ያስመዘግባል። ታላላቅ የትንበያ ማዕከሎችም በቀን አራት ጊዜ፣ በግሪንዊች አቈጣጠር በ0፣ በ6፣ በ12 እና በ18 ሰዓት አካባቢ የደረሳቸውን ይቈጥራሉ። የደረሰው ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይሰላና በካርታ ላይ በቀለም ይታያል፤ አረንጓዴው ደኅና፣ ቀዩ ጐደሎ፣ ጥቁሩ ፈጽሞ ያልደረሰ ማለት ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅም አይካድም። ቀድሞ አንድ ጣቢያ ዝም ቢል ወራት አልፈው ይታወቅ የነበረው፣ አሁን በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል፤ ኀላፊውም ወዲያው ይጠየቃል።

ዳሩ ግን መልእክቱ በሰዓቱ ደርሶ የያዘው ቍጥር የተሳሳተ ቢሆንስ ምን ይባላል? በበጋ ወራት በአንታርክቲካ አምባ ላይ ፀሐይ ከላይ፣ ከበረዶው የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ከታች የቴርሞሜትሩን መከለያ ያግሉታል። መከለያው በነፋስ ብቻ የሚናፈስ ከሆነና ነፋሱ ከደከመ፣ ቴርሞሜትሩ ከአየሩ ይልቅ የመከለያውን ግለት ያነባል። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ጣቢያ ባላቸው ዶም ሲ በተባለው ስፍራ ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በጨለማው ወራትም አመዳይ የነፋስ መለኪያውን አስሮ ሲይዘው፣ ማዕበል እያለ «ነፋስ የለም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም በሰዓታቸው ስለደረሱ በቈጠራው ሙሉ ናቸው።

ከዚህም ሌላ ቍጥሩ ትክክል ሆኖ የባለቤቱ ስም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘው ሃሪ የተባለው አውቶማቲክ ጣቢያ መዝገብ፣ በሮስ ባሕር ላይ በተንጣለለው በረዶ ከሚገኘው ከጊል ጣቢያ መዝገብ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ስም ተቀምጦ ነበር። ይኸው መዝገብ ስለ አንታርክቲካ መሞቅ በ2009 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ውስጥ ገባ፤ ስሕተቱ ታውቆ የታረመው ጥናቱ ከወጣ በኋላ ነው። የመልእክትን ብዛት ብቻ የሚመለከት ተቈጣጣሪ ይህን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

ለዚህ «የልኩ ጥራትም ይመረመራል እኮ» የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ ማዕከሎቹ የደረሳቸውን ቍጥር የስሌት ሞዴላቸው ከገመተው ጋር ያስተያያሉ። ጣቢያ በበዛበት አገር ይህ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ ሞዴሉ ከጎረቤት ጣቢያዎች ብዙ ተምሯልና። በዋልታ ግን ሞዴሉ ራሱ ከምድር የሚያገኘው ምልከታ ጥቂት ስለሆነ ግምቱ የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩና ሞዴሉ ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ በቀላሉ አይታወቅም። ዳኛው ራሱ ምስክር አጥቶ ሳለ፣ ያለውን አንድ ምስክር «ከእኔ ግምት ጋር አልተስማማህም» ብሎ ቢያሰናብተው ፍርዱ ሊቃና አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የዝምታው ጠባይ ነው። ከመቶ 80 እጅ ደርሷል ሲባል፣ የጐደለው 20 እጅ በዓመቱ ውስጥ እንደ ዘፈቀደ የተበተነ ይመስለናል። በዋልታ ግን ጣቢያው ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ ምልከታው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው፤ ማዕበሉ ምሰሶውን ሲጥል፣ ብርዱ ባትሪውን ሲገድል፣ በረጅሙ ሌሊት ፀሐይ ጠፍታ ኀይል ሲያልቅ። ለዚህ የባይርድ ጣቢያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ በ1957 በምዕራብ አንታርክቲካ የተቋቋመ ጣቢያ ከጊዜ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ሆነ። በ1980 አውቶማቲክ መሣሪያ ቢተከልበትም፣ በዋልታው ሌሊት ኀይሉ እየተቋረጠ መዝገቡ ክፍተት በክፍተት ሆነ። ዴቪድ ብሮምዊች የተባሉት ሊቅና ጓደኞቻቸው ልኮቹን አርመው፣ ክፍተቶቹን በስሌት ሞልተው ባወጡት ጥናት፣ ከ1958 እስከ 2010 የስፍራው ሙቀት በ2.4 ዲግሪ፣ 1.2 ዲግሪ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ ከፍ ማለቱን ገለጹ። የጥርጣሬው ስፋት የግኝቱን ግማሽ ያህላል ማለት ነው። የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ ቢቀልጥ የባሕር ጠለል ከፍ ስለሚል፣ ይህ ጥርጣሬ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በየባሕሩ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ሁሉ ይነካል።

ክፍተቱ ባዶ ሆኖ ሲታለፍ ደግሞ ሌላ ጕዳት ያመጣል። ኬቪን ካውታንና ሮበርት ዌይ የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን የእንግሊዞች የዓለም ሙቀት መዝገብ መርምረው፣ የሚሸፍነው ከምድር ገጽ ከመቶ 84 እጁን ያህል መሆኑን አሳዩ። ያልተሸፈነው በተለይ በዋልታዎችና በአፍሪካ የሚገኘው ነው። አርክቲክ ከሌላው ዓለም ፈጥኖ ሲሞቅ ከሂሳቡ በመቅረቱ፣ ከ1997 እስከ 2012 የነበረው የዓለም መሞቅ ዝግ ያለ መስሎ ታየ። ባዶውን ስፍራ በሳተላይት ልክ እየታገዙ ሲሞሉት ግን የመሞቁ ፍጥነት ከቀድሞው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። እኛም ከአፍሪካ እንደመሆናችን፣ ያልተለካ አገር በዓለም ሂሳብ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ልንማር ይገባናል።

በመጨረሻም አካፋዩ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። የሚጠበቀው መልእክት ብዛት አገሩ ካስመዘገበው የተወሰደ ስለሆነ፣ የተዘጋ ጣቢያ ከመዝገብ ሲሰረዝ የመገኘቱ መጠን ከፍ ይላል። ከአሥር ጣቢያዎች አምስቱ ቢሰሙ ከመቶ 50 እጅ ነው፤ ዝም ያሉት አምስቱ ቢሰረዙ ግን፣ አንድም ምልከታ ሳይጨመር 100 ይሆናል። ሰው ያላየውን አገር እንዳየ የሚያስቈጥር ሂሳብ መታረም አለበት።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢጨመሩ ክትትሉ ይሟላል። አንደኛ፣ ዝምታ በተመዘገበ ቍጥር ምክንያቱ፣ ወሩና በዚያን ጊዜ ከአካባቢው የሚታወቀው የአየር ጠባይ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተሰረዙ ጣቢያዎች እስከ ተዘጉበት ቀን ድረስ በካርታው ላይ በልዩ ምልክት ይቆዩ። ሦስተኛ፣ መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸና ከበረዶው ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ከመልእክቱ ጋር ይነበብ። በዋልታ ጣቢያን መጐብኘት በአውሮፕላንና በአጭር በጋ የሚወሰን፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ አይዘነጋም። ነገር ግን ከሦስቱ ሁለቱ ከመሥሪያ ቤት ሳይወጡ በብዕር የሚፈጸሙ ናቸው። የሚጠይቁት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀንሶ ቢታይ ላለማፈር መፍቀድን ግን ይጠይቃሉ።